አሥራ አራት ፖስታዎች ከዝቮለን

ይድረስ ለወንድሜ ለቢሻው፤

ከሁሉ አስቀድሞ ይህ ወረቀት በእኔ እግር ፈንታ ደጅህ ደርሶ ጤናህን ይጠይቅልኝ። እንዴት ሰነበትክ የሚባለው ለሳምንትና ለወር ነው፤ ለአሥራ አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር የሚበቃ ሰላምታ አላገኘሁምና፣ እንዴት ኖርክ ብዬ ልጀምር። ብርድ ሲነካው ያፍንህ የነበረው ደረትህ እንዴት ነው? ባለቤትህ ዙዛና እንዴት ናት? ልጆቹስ? ልጆች እንዳሉህ ያወቅኩት ገና ባለፈው ወር ነው፤ ከማን እንደሰማሁ ወደ ታች ታነበዋለህ። የምትሠራበት ደን እንዴት ነው? እውነት በረዶው እስከ ጉልበት ይደርሳል?

እኔ ደህና ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ሐምሌ ጅማ ሄጄ የዓይኔን ሞራ አስገፍፌ፣ አሁን ያለ ማጉያ መነጽር ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ። ይህን ያነሣሁት ለጤናዬ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ ለምነግርህ ጉዳይ ስለሚያስፈልግ ነው። ባለቤቴ ሠናይት ደህና ናት። እህታችን ህይወት ማንኪራ ከቡናዋና ከቀፎዎቿ ጋር አለች፤ ምላሷም እንደ ጥንቱ ነው።

ወንድሜ፣ ከዚህ በታች ያለውን ከማንበብህ በፊት ወረቀቱን አጥፈህ አስቀምጠውና ዙዛናን ጥራት፤ አጠገብህ ትቀመጥ። ሥርዓታችንን ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ነገር በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዞህ ነበር መስማት የሚገባህ። እዚያ ዘመድ የለህም፤ እኔም የምልከው ሰው የለኝም። እናታችን የሺሃረግ ጥር 14 ቀን 1992 ዓ.ም. አርፋለች። አሥር ቀን ታማ፣ በአልጋዋ ላይ፣ እኔና ህይወት እጇን ይዘን ነው። አልቅስ፤ እንባህ እስኪወጣልህ አልቅስ። ከዚያ ተመለስና ቀሪውን አንብብ፤ ለቀሪው ግን የሚያስፈልግህ እንባ ሳይሆን ቁጣ ነው።

በየካቲት 1985 የፈረንጅ ልጅ ማግባትህን ሰምቼ ምን ብዬ እንደጻፍኩልህ አልረሳሁም። ከዚያ በኋላ ቃልህ ጠፋ። ቀጥዬ የላክኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች አንዲት የምትጠቁም ጣትና «ያልታወቀ» የሚል የፈረንሳይኛ ቃል ታትሞባቸው ተመለሱ። እኔም በንግግሬ ተቀይመህ ቤትህን ለውጠህ አድራሻህን ደበቅከን አልኩ። ለራሴም ይገባኛል አልኩ።

እማዬ ግን ሌላ ነገር አሰበች። በሩቅ አገር የሞተ ልጅ መርዶ ለእናት ወዲያው እንደማይነገር፣ ዘመድ እየተመካከረ ለወራት እንደሚደብቀው ታውቃለች፤ እሷም በጊዜዋ ለሌሎች ደብቃለች። ስለዚህ ደብዳቤህ ሲቀር «ልጄ ሞቷል፤ እናንተ ቀን እየጠበቃችሁልኝ ነው» አለች። በማለዳ እንግዳ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትጠብቅ ነበር። አንድ ጊዜ ህይወት ከማንኪራ ማር ይዛ ገና ጎህ ሲቀድ ብትደርስ፣ እማዬ ከመደቡ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና «በሉ እንግዲህ፣ ንገሩኝ» አለች። ህይወት ማሩን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ ወንጌል ይዤ በሕይወት አለ ብዬ ማልኩላት። «አለ ካልክ ጽሑፉን አሳየኝ» አለችኝ። የማሳያት አልነበረኝም። በመጨረሻ ጥቁር ለበሰች፤ ለሦስት ዓመት አላወለቀችውም። ቢሻው፣ እናትህ የሞተችው አንተን አልቅሳ ጨርሳ ነው።

ይህን ያደረገው ስም ያለው ሰው ነው። የትምህርት ቤታችንን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ኃይለሚካኤልን ታስታውሰዋለህ? ቀጭኑ፣ ጭቃ በሆነው በቦንጋ መንገድ ጫማው የማይቆሽሽ። ከተማው ጋሽ ኃይለሚካኤል እያለ ያከብረዋል፤ እኔም እስከ ዘንድሮ መስከረም አንቱ እለው ነበር። ከእንግዲህ እሱ ነው።

እዚህ ደብዳቤ ቤት ለቤት እንደማይታደል አልረሳህም። የራሱ የፖስታ ሳጥን ያለው ነጋዴና መሥሪያ ቤት ነው፤ እኛ መምህራን ደብዳቤያችን በትምህርት ቤቱ ሳጥን ይመጣልናል። የሳጥኑ ቁልፍ በእሱ ቀበቶ ላይ ነበር። የጅማው አውቶቡስ የፖስታውን ከረጢት ባመጣ ቁጥር ሄዶ ሳጥኑን ይከፍታል፤ ያመጣውንም ከመዝገብ ቤት በየስማችን ያድለናል። አንድም ቀን ተጠራጥሬው አላውቅም። እንዲያውም ይህን ክፋት ያስተማርኩት እኔው ነኝ ማለት ይቻላል። በትምህርት ቤቱ የቴምብር ክበብ ያቋቋምኩት እኔ፤ ቴምብር ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ እንዴት እንደሚላቀቅ፣ በጋዜጣ ላይ ተደፍቶ እንዴት እንደሚደርቅ ያሳየሁት እኔ። ያንተን ቴምብሮች እያነሣሁ እሰጠው ነበር። በኋላ ዕውቀቱ ሲያድግ ቴምብሩ ከነፖስታው፣ ከነማህተሙ እንዲሰጠው ለመነኝ፤ እውነተኛ ሰብሳቢ እንዲያ ያለውን ነው የሚወደው። እማዬ ፖስታዎችህን በሣጥኗ ስለምታስቀምጥ አይሆንም አልኩት። «ግድ የለም ጋሼ» ብሎ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ያስከፈለንን አሁን ተመልከት።

ባለፈው መስከረም 29 የዓለም ፖስታ ቀን ነበር፤ አገሮች በፖስታ ጉዳይ የተባበሩበት አንድ መቶ ሠላሳኛ ዓመት ስለሆነ በከተማው አዳራሽ ዝግጅት ተደረገ። እሱ የቴምብር ስብስቡን በሰሌዳ ላይ ዘርግቶ ሊያሳይ፣ እኔ ደግሞ የክበቡ መሥራች ተብዬ ስለ ፖስታ ታሪክ ልናገር ተጠራን። ሐኪሙ ለብርሃን እንድጠነቀቅ ስላዘዘኝ ጥቁር መነጽር አድርጌ ነበር የሄድኩት። እሱ ክረምቱን ዋጫ ከተማ ከልጁ ዘንድ ስለከረመ የዓይኔን መዳን አልሰማም። እጄን ይዞ እንደ ዕውር ከፊት ወንበር አስቀመጠኝ። «አይዞህ ጋሼ፣ እኔ አነብልሃለሁ» አለኝ።

እኔም ተነሥቼ ስለ በርን ተናገርኩ። በስዊስ አገር በዚያች ከተማ ሃያ ሁለት አገሮች፣ በቅርቡ ጦር የተማዘዙም ሳይቀሩ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ለደብዳቤ ጉዳይ ዓለምን እንደ አንድ አገር ለመቁጠር መስማማታቸውን፤ በአንዱ አገር የተለጠፈ ቴምብር በሌላው ሁሉ እንዲከበር መወሰናቸውን አስረዳሁ። አገራችን ኅብረቱ ውስጥ ሳትገባ የእኛ ቴምብር ከድንበር ወዲያ ስለማይታወቅ፣ ወደ ውጭ የሚሄደው ደብዳቤ የጅቡቲ ቴምብር ይደረብበት እንደነበረና ከ1901 ዓ.ም. ወዲህ ግን በራሳችን ቴምብር ዓለምን መዞር እንደጀመርን ተናገርኩ። በመጨረሻም፣ አፌ ይቆረጥና፣ «ደብዳቤ የተዘጋ አደራ ነው፤ ንጉሥም ሽፍታም ቢሆን ሊከፍተው አይገባም» አልኩ። ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጨበው እሱ ነበር።

ከዚያ ሰሌዳዎቹን ልጎበኝ ተነሣሁ። በመጨረሻው ሰሌዳ ላይ «የስሎቫክ ሪፐብሊክ ቴምብሮች፣ ከነፖስታቸው» የሚል ጽሑፍ ነበር። ከሥሩ አሥራ አራት ፖስታዎች ተደርድረዋል። የተቀባዩ ስም በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል። ሁሉም ማህተም ዝቮለን የምትባል ከተማ ይላል። ቦንጋ ውስጥ ከዚያ አገር ዘመድ ያለው ከእኔ በቀር ማን አለ? መነጽሬን አወለቅኩ። ከነጩ ወረቀት በታች «ኢትዮጵያ» በላቲን ተጽፎ ሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ የመጀመሪያዋን ፊደል ደግሞ ጅራቷን እንደ ቀንድ አውጣ የሚጠቀልላት በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተ አራተኛ ክፍል ሳለህ ያንን ጅራት ተው ብዬ መቅጣቴን ታስታውሳለህ። እንኳን አልተውከው።

ድምፄን አላነሣሁም። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የአሥራ አራቱንም ማህተም ቀን፣ ወርና ዓመት ገለበጥኩ። የመጀመሪያው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሚያዝያ 1993፣ የመጨረሻው ግንቦት 2001 ነበር። የአንደኛውን ፖስታ ጫፍ ቀና አድርጌ ከጀርባው ያለውን የላኪ አድራሻ ጻፍኩ፤ ይህ ደብዳቤ የደረሰህ በዚያ አድራሻ ነው። እሱ መጥቶ ከጎኔ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ከየት አገኘሃቸው ብዬ ጠየቅኩት። «በመለዋወጥ ነው ጋሼ፤ አንድ የውጭ አገር ወዳጅ አለኝ» አለኝ። «ደግ ወዳጅ ነው፤ እኔም እንዲህ ያለ ወንድም ነበረኝ» አልኩትና ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት ፖስታ ቤት ሄጄ ለምያን አነጋገርኩ። የነጋዴው የያሲር ልጅ ናት፤ ጂኦግራፊ አስተምሬያታለሁ፤ ዛሬ በመስኮቱ የምታስተናግደው እሷ ናት። ነገሩን ስነግራት፣ «ቲቸር፣ ተራ ደብዳቤ ከሆነ እኛ ጋ ስም አይመዘገብም፤ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ በኋላ ኃላፊነቱ የቁልፉ ባለቤት ነው፤ በአደራ የመጣ ካለ ግን መዝገብ አለን» አለችኝ። አለቃዋን አስፈቅዳ በእኛ አቆጣጠር የ1993ን መዝገብ አወጣች። ከአሥራ አራቱ አንዱ፣ የመጨረሻው፣ የአደራ ደብዳቤ ነበር። ሰኔ 7 ቀን ገብቷል። ለኢሳያስ፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ይላል። በተረካቢው ቦታ የፈረመው እሱ ነው። ከጎኑም ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ትርጉማቸውን ለምያ ነገረችኝ። ላኪው የመድረሻ ማረጋገጫ ጠይቋል ማለት ነው፤ ሮዝ ካርድ ከደብዳቤው ጋር ይመጣል፣ ተቀባይ ይፈርምበታል፣ ካርዱ ባሕር ተሻግሮ ለላኪው ይመለሳል።

እንግዲህ ያ ካርድ ተፈርሞበት ዝቮለን ደርሶሃል። አንተም አይተህ፣ ደብዳቤዬ ደርሶታል፣ ፈርሞ ወስዶታል፣ ሊመልስልኝ ግን አልፈለገም አልክ። መጻፍ ያቆምከው ለዚህ ነው፤ አይደለም? ካርዱን ካልጣልከው አውጥተህ ፊርማውን እይ። የእኔን ፊርማ ታውቃለህ። የሃያ ሁለት አገሮች ስምምነት ተራራና ባሕር አሻግሮ፣ በአራት አገር እጅ አሳልፎ፣ ከጅማ ቦንጋ በጭቃ ጎትቶ ያደረሰልኝን ነገር፣ ያ ሰው ከመዝገብ ቤት እስከ መምህራን ክፍል ባለው አርባ እርምጃ ላይ በላው። አርባ ነው፤ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ።

ህይወት ስትሰማ ሳማ ይዛ ከማንኪራ ልትወርድ ተነሣች። «እኔ ፖስታ ቤት አላውቅም፤ ቆዳውን ነው የማውቀው» አለች። ሠናይት ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ እንሂድ አለች። እኔ ሁለቱንም እምቢ አልኩ። ሳማ በአንድ ቀን ይሽራል፤ ፍርድ ቤት በቀጠሮ ያረጅበታል፤ እኔ የፈለግኩት እስከ ዕድሜው መጨረሻ የማያልቅበትን ነው። አሥራ አራቱን ቀኖች በንጹሕ ወረቀት ገልብጬ፣ ከሥሩ «እስከ ቅዳሜ መልስ» ብዬ ጽፌ፣ በባለ ሱቁ በጋሽ ገብረኪዳን እጅ ላክሁበት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ሠናይት እንዳየችው ከሆነ እሱ ረቡዕ ገበያ አልወጣም፤ ዓርብ ጫማው ጭቃ ነበረበት።

ቅዳሜ ጥቅምት 6 በጠዋት ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጋሽ ገብረኪዳንንና ሁለት ሽማግሌዎችን አስቀድሞ ደጄ ላይ ተንበረከከ። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ ከመጣ ባለቤቱ ድንጋዩን ሊያወርድለት ይገባል። ሽማግሌዎቹም ይህን ተማምነው ነበር። ጋሽ ገብረኪዳን «መምህር፣ ሰውዬው ወድቋል፤ የወደቀ አይመታም፤ በል አውርድለት» አለ። እኔ ግን መጀመሪያ እሱን ራሱን ጠየቅኩት፤ ድንጋዩ ትከሻው ላይ እንዳለ። የመጀመሪያውን የወሰደው ለፖስታው ብቻ ነበር አለ። በማግሥቱ አንብቦ ሊሰጠኝ አስቦ ነበር፤ ተከፍቶ ነበርና ፈራ። ሁለተኛው ሲመጣ «ያለፈው ደብዳቤዬ አልደረሰህም ወይ» የሚል አገኘበት፤ ያንን ቢሰጠኝ የመጀመሪያው ይጋለጣል። ሦስተኛው ሁለተኛውን ያጋልጣል። እንዲህ እያለ አሥራ አራት ደረሰ። ፖስታዎቹን አስቀመጠ፤ ደብዳቤዎቹን አንብቦ ምድጃ ውስጥ ጨመረ። እማዬ ታማ ሳለች ሊጠይቃት መጥቶ፣ «አንተ ቁልፍ ያዥ፣ ዛሬም የለም?» ስትለው «እትዬ የሺሃረግ፣ ሳጥኑ ባዶ ነው» ማለቱንም አልካደም። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰምቻለሁ፤ ውሃም ቀድቼ ሰጥቼዋለሁ።

«ድንጋዩን አውርድ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። «ይቅር ብዬህ አይደለም። ድንጋዩን አውርድና እስክሪብቶ አንሣ። ደብዳቤዎቹን ያነበብካቸው አንተ ነህ፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ምን እንደሚል ጽፈህ ትመልሳለህ» አልኩት። ከገበታዬ አጠገብ የተማሪ ወንበር አስቀመጥኩለት። አራት ቅዳሜ መጣ። ሠናይት ውሃ ሰጠችው፤ ቡና አላቀረበችለትም። «ጤናውን ጠይቋል» ብሎ ሲያልፈው በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበትና «በምን ቃል ነው የጠየቀው? ድገም» እለው ነበር። ስድስተኛውን ሦስት ጊዜ አስጽፌዋለሁ። «ጋሼ፣ እጄ ደከመ» አለኝ፤ የእማዬ ዓይን ሲደክም ለሰባት ዓመት አይቶ ዝም ያለ ሰው!

ከእሱ እጅ ነው ኑሮህን የተማርኩት። በመጀመሪያው «ቃልህ ከባድ ነበር፤ ግን ጋሼ ነህና አልቀየምህም» ብለህ፣ ዝቮለን መግባትህንና አዲሱን አድራሻህን ጽፈህልኝ ነበር። አልተቀየምክብኝም! አሥራ አንድ ዓመት የተሸከምኩትን ሸክም ያ ሰው በመሳቢያው ቆልፎበት ነበር። አራተኛው ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ጻፍ አልኩት። ሴት ልጅ መውለድህን፣ ስሟንም በእናታችን የሺሃረግ ማለትህን፣ ፎቶዋንም መላክህን ጻፈ። ፎቶግራፉን ማቃጠል ፈርቶ አስቀምጦት ኖሮ በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣው፤ ስጽፍልህ ፊቴ ተቀምጧል። በእማዬ ስም የተጠራች ልጅ አለች፤ እማዬ ግን ጥቁር ለብሳ ሞተች፤ እሱም ሁለቱን ያውቅ ነበር። ሽማግሌ የሚያስታርቀው እንዲህ ያለውን ነው? አሥራ አንደኛው ላይ ወንድ ልጅ መውለድህን ጻፈና ስሙን ረሳሁት አለ። ባዶ ቦታ ትቼበታለሁ። አሥራ አራቱንም ገልብጬ ከዚህ ጋር አያይዣለሁና እንደ ፈተና ወረቀት አርማቸው፤ የዋሸበትን ምልክት አድርግበት፤ ባዶ ቦታውንም ሙላ።

ትናንት በስቲያ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ እማዬ መቃብር ወሰድነው። ሽማግሌዎቹም ነበሩ። አሥራ አራቱንም ወደ ከፋው ቋንቋ፣ ወደ ካፊኖኖ እየመለሰ እንዲያነብላት አደረግኩ፤ አማርኛ ሲቸኩልባት እንደማትወድ ታውቃለህ። ከሦስተኛው በኋላ ድምፁ ይጠፋ ጀመር። ህይወት ከጀርባው ቆማ «ከፍ አድርገው! ጆሮዋ ይከብዳት ነበር፤ አንተ መቼም ታውቃለህ፣ የታመመ ስትጠይቅ ነበር» ትለዋለች። ስለ ልጅህ የሚለው ላይ ሲደርስ ተንበረከከ፤ ህይወት ቆመህ አንብብ አለችው። ቆሞ አነበበ። ስንመለስ ጋሽ ገብረኪዳን መንገድ ላይ «በቃህ አሁን?» አለኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ወንድሜ፣ አልበቃኝም።

ስለዚህ በሽማግሌዎቹ ፊት የመጨረሻውን ቅጣት አስፈርሜዋለሁ። የሳጥኑን ቁልፍ የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወስዶበታል። ከእንግዲህ ያንተ ደብዳቤ በሳጥን አይመጣም፤ በአደራ፣ በእሱ በኩል ተብሎ ይመጣል። የመድረሻ ማረጋገጫው ሮዝ ካርድ ይኑርበት። ጥሪው ለእሱ ይደርሰዋል፤ መታወቂያውን ይዞ ለምያ መስኮት ይቆማል፤ በመዝገቡና በካርዱ ይፈርማል፤ ከዚያ ሳይከፍት በእግሩ እቤቴ ድረስ ያመጣልኛል፤ እኔም ፖስታው አለመነካቱን መርምሬ በደብተሬ አስፈርመዋለሁ። ለምያ ስነግራት አፏን በሻሽዋ ይዛ ሳቀች። ከፖስታ ቤት እስከ ደጄ ሁለት ሺህ አንድ መቶ እርምጃ ነው፤ አብዛኛው ዳገት ነው። ገበያተኛው ገና ካሁኑ «ፖስተኛው» ብሎታል። እኔ ብሞት ለሠናይት፣ ሠናይት ብትሞት ማንኪራ ድረስ ለህይወት ያደርሳል። ፈርሞበታል።

ይህንን ደብዳቤ ራሴ ለለምያ በእጇ ሰጥቼ በአደራ ልኬዋለሁ፤ ሮዝ ካርድም አለው። ከሦስት ዓመት ወዲህ ምን እንዳገኘህ አላውቅም። ቢያንስ ካርዱ ላይ ፈርም። ያቺ የተጠቀለለች ጅራት ተመልሳ ከመጣች በሕይወት መኖርህን አውቃለሁ፤ መቃብሩም ላይ ሄጄ ለእማዬ ጽሑፉን አሳያታለሁ። ተቀይመህ እንደሆነም ተቀይሜያለሁ ብለህ ጻፍ፤ ያም ቢሆን ለእሱ ያው ዳገት ነው።

ሠናይት በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሃለች። ህይወት ጉንጭህን ሳሚልኝ ብላ ለዙዛና አደራ ብላለች፤ ማር የምትልክበት መንገድ እንዳለም ለምያን ጠይቃለች። ለዙዛና ያኔ የጻፍኩትን ንገራትና ይቅርታ ጠይቅልኝ፤ እኔም እንደምታየው ይቅርታ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለልጄ ለየሺሃረግ አያቷ ቆንጆ እንደነበረች፣ አፍንጫዋም ከእሷ እንደተወረሰ ንገርልኝ። ስሙን ለማላውቀው ልጅህም አጎትህ ኢሳያስ ሰላም ብሎሃል በለው። ለምያ ራሷ «እኔም ቦንጋ ሆኜ እጠብቃለሁ በልልኝ» ብላለች።

ለሁሉም ብዙ የምትጽፈው ይኖርሃል። በአንድ ጊዜ እንዳትጽፈው። ገጽ በገጽ ለያይተህ፣ እያንዳንዱን በየፖስታው አድርገህ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ ላክ። ክረምት ሲገባ ሁለት ሁለት አድርገው።

ወንድምህ ኢሳያስ

ቦንጋ፣ ከፋ፣ ኅዳር 7 ቀን 1997 ዓ.ም.